ነጭ ገጽና ማለቂያ የሌለው ምልልስ፦ የጃቫስክሪፕትና የሪዳይሬክት ችግሮችን ከምልክታቸው ተነስቶ መፍታት

ድረ ገጻችሁ አልሠራ ላለው ደንበኛ «እኔ ስልክ ላይ ይሠራል» የሚለው መልስ ምንም አይጠቅመውም። ደንበኛው የያዘው የራሱን ስልክ ነው። ስልኩ ከስድስት ዓመት በፊት የተገዛ፣ ማከማቻው በፎቶ የሞላ፣ ብሮውዘሩ ታድሶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ገጹ ነጭ ሆኖ ሲቀርበት ወይም ከሎግኢን ወደ ሎግኢን ሲያመላልሰው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ከዚያ ትቶት ይሄዳል። እናንተም አታውቁም።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለዩ። ገጹን የከፈተው የትኛው ብሮውዘር ነው፣ ስንተኛው ቨርዥን? ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ የላከውስ (ሪዳይሬክት ያደረገውስ) ማን ነው፣ ሰርቨሩ ወይስ ጃቫስክሪፕቱ? እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ኮድ መቀያየር ቀን ሙሉ ይፈጃል።

ላኪውን መለየት ቀላል ነው። ክሮም ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ክፈቱና «ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ። «ፕሪዘርቭ ሎግ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ካላደረጋችሁ ገጹ ሲቀየር መዝገቡ ይጠፋል። አሁን ችግሩን ድገሙት። ዋናው ገጽ 301፣ 302፣ 303፣ 307 ወይም 308 የሚል የመልስ ቁጥር ከመለሰ የላከው ሰርቨሩ ነው። 200 (ገጹ ተገኝቷል) መልሶ ወዲያው ሌላ ገጽ ከተጠራ ግን ላኪው ያለው ገጹ ውስጥ ነው። ወይ ጃቫስክሪፕት ነው፣ ወይ የሜታ ሪፍሬሽ ታግ።

በአዲስ ስልክ ይከፈታል፣ በአሮጌው ነጭ ሆኖ ይቀራል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ብሮውዘሩ የማያውቀው አጻጻፍ ነው። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2015 ትልቅ ለውጥ አድርጓል። የቀስት ፈንክሽን (=>) የመጣው ያኔ ነው። በ2020 ደግሞ ?. እና ?? ተጨመሩ። ክሮም እነዚህን ሁለቱን ማንበብ የጀመረው ከቨርዥን 80፣ ሳፋሪ ደግሞ ከ13.1 ነው። ከዚያ በታች ያለ ብሮውዘር የማያውቀውን ምልክት ሲያገኝ ያንን መስመር ብቻ አይዘልም። ፋይሉን በሙሉ ይጥለዋል። በአንዲት ?. ምክንያት ሦስት ሺህ መስመር ኮድ ሳይሠራ ይቀራል።

«ብሮውዘርዎን ያድሱ» ብሎ መጻፍ ሁልጊዜ መፍትሄ አይሆንም። አንድሮይድ 5 ያለው ስልክ ክሮም 95 ላይ ይቆማል። አንድሮይድ 6 ያለው 106 ላይ፣ አንድሮይድ 7 ያለው 119 ላይ። ዊንዶውስ 7 ያለው ኮምፒውተርም ከ109 አያልፍም። አይፎን 7 ከአይኦኤስ 15 በላይ አይሄድም። ባለቤቶቹ ቢፈልጉም ማደስ አይችሉም።

አይፎን ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጭ አይፎን ላይ ያለ ብሮውዘር ሁሉ፣ ክሮምም ይሁን ፋየርፎክስ፣ ውስጡ የሳፋሪ ሞተር ነው። ስለዚህ ደንበኛውን «ክሮም አውርደህ ሞክር» ማለት ለውጥ አያመጣም። ሳፋሪ ዘግይቶ ከተቀበላቸው ነገሮች አንዱ ሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚያጣራ አጻጻፍ) ውስጥ ወደኋላ የሚያይ ፍለጋ ነው፤ የሚጻፈው በ ?<= ወይም በ ?<! ነው። ሳፋሪ ይህን የተቀበለው በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 16.4 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስልክ ላይ ስልክ ቁጥር ለማጣራት የጻፋችኋት አንዲት መስመር ገጹን ሙሉ በሙሉ ነጭ ታደርገዋለች።

መፍትሄውን የሚነግራችሁ በዴቨሎፐር መሣሪያው ውስጥ ያለው የ«ኮንሶል» መልእክት ነው። «ሲንታክስ ኤረር» ወይም «አንኤክስፔክትድ ቶክን» ካለ ብሮውዘሩ አጻጻፉን አላወቀውም። እንደ ባቤል ባለ መሣሪያ ኮዱን ወደ ቀድሞው አጻጻፍ መቀየር ያስፈልጋል። «ኢዝ ኖት ኤ ፈንክሽን» ወይም «ኢዝ ኖት ዲፋይንድ» ካለ ግን አጻጻፉን ተረድቶታል፤ የጠራችሁት ነገር እሱ ዘንድ የለም ማለት ነው። በእርግጥ የራሳችሁ የፊደል ስህተትም ይህንኑ ያመጣል። በአዲሱ ብሮውዘር እየሠራ በአሮጌው ብቻ ከመጣ ግን ፖሊፊል (የጎደለውን ፈንክሽን የሚተካ ኮድ) ጨምሩ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ፖሊፊል የአጻጻፍ ስህተትን አያድንም። ባቤልም ካልነገራችሁት የጎደለ ፈንክሽን አይጨምርም። የሬጌክሱን ችግር ደግሞ ሁለቱም አይፈቱትም፤ ሬጌክሱን በሌላ መንገድ መጻፍ ነው ያለባችሁ።

ብዙዎች የሚስቱት ቦታ አለ። ባቤል በተለመደው አሠራር የሚቀይረው የእናንተን ኮድ ነው፤ ከኖድ ሞጁልስ ማህደር የመጡ ላይብረሪዎችን ያልፋቸዋል። የእናንተ ኮድ ንጹሕ ሆኖ አንድ የወረደ ላይብረሪ ?. ይዞ ይመጣል። ቢልድ ተደርጎ የወጣውን ፋይል ከፍታችሁ ምልክቱን ፈልጉበት። ካገኛችሁት ያንን ላይብረሪ በስም ጠቅሳችሁ ባቤል እንዲቀይረው እዘዙ።

የደንበኛውን ኮንሶል ማየት ካልቻላችሁስ? ከሁሉም ፋይሎች በፊት የምትጫን፣ በአሮጌው አጻጻፍ የተጻፈች ትንሽ ስክሪፕት አስቀምጡ። ሥራዋ ስህተት ሲፈጠር መልእክቱንና የብሮውዘሩን ስም ወደ ሰርቨራችሁ መላክ ብቻ ነው። ከዋናው ፋይል የተለየች መሆን አለባት፤ አለበለዚያ ከእሱ ጋር ትወድቃለች።

ስልክ ላይ ብቻ ወደ ቁማር ገጽ ይወስዳል

ይህ ሲያጋጥማችሁ ከውጭ የምትጭኗቸውን ስክሪፕቶች ሁሉ ቁጠሩ። ፖሊፊል ዶት አይኦ ለዓመታት አሮጌ ብሮውዘሮችን ሲያግዝ የኖረ አገልግሎት ነበር። በ2024 መጀመሪያ ዶሜይኑ ባለቤት ቀየረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ስክሪፕቱ የስልክ ተጠቃሚዎችን ወደ ስፖርት ውርርድ ገጽ እንደሚልክ የደኅንነት ባለሙያዎች አጋለጡ። ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት እንደነበር ተዘግቧል። ተንኮሉ በተወሰኑ ሰዓቶችና በተወሰኑ ስልኮች ብቻ ይነቃ ነበር። የገጹ አስተዳዳሪ ሲገባ ደግሞ ይደበቅ ነበር። ስለዚህ «እኔ ሞክሬ አላየሁም» ማስረጃ አይደለም። አሮጌ ገጾቻችሁ ውስጥ ይህ አድራሻ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። የሚያስፈልጋችሁን ፖሊፊል ከራሳችሁ ሰርቨር ጫኑ።

ሎግኢን ያደርጋል፣ ገጹ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ሎግኢን ይጠይቃል

ይህ ችግር እኛ ሀገር የራሱ መልክ ስላለው ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ድረ ገጾች ተጠቃሚው ሲገባ ቶክን (መግባቱን የሚያረጋግጥ ኮድ) ይሰጡታል። ቶክኑ ውስጥ የሚያበቃበት ሰዓት ተጽፏል። ጃቫስክሪፕቱ ያንን ሰዓት ከስልኩ ሰዓት ጋር ያነጻጽርና «ገና ነው፣ ይግባ» ወይም «አልፏል፣ ሎግኢን ያድርግ» ይላል። ሰርቨሩ ደግሞ በራሱ ሰዓት ያነጻጽራል።

አሁን የስልኩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው አስቡ። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን ስልኩ 8:00 ይላል፤ ስልኩ 14:00 ማለት ነበረበት። ባለቤቱ የሰዓት ክልሉን አልቀየረም፤ ቁጥሩን ብቻ ወደኋላ መለሰው። ለጃቫስክሪፕቱ ይህ ስልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ነው። ለአንድ ሰዓት የተሰጠ ቶክን ጊዜው ካለፈ በኋላም ስልኩ ላይ ለስድስት ሰዓት «ገና ነው» ይባላል። ገጹ ተጠቃሚውን ወደ ውስጥ ይልከዋል። ሰርቨሩ 401 (አልገባህም) ብሎ ይመልሰዋል። ገጹ ወደ ሎግኢን ይልከዋል። የሎግኢን ገጹ ቶክኑን ያይና «አንተማ ገብተሃል» ብሎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ለማረጋገጥ ደንበኛውን ስክሪንሾት ጠይቁት። ከላይ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት መልሱን ይነግራችኋል። ደንበኛውን ግን ሰዓትህን ቀይር አትበሉት። ሰዓቱን የሚያነበው እንደዚያ ነው፤ መብቱም ነው። ኮዱን አስተካክሉ። ሰርቨሩ 401 ሲል ወደ ሎግኢን ከመላካችሁ በፊት የተቀመጠውን ቶክን አጥፉ። ምልልሱ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎም ቶክኑ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ለሰርቨሩ ተዉለት። የስልክ ሰዓት ዳኛ መሆን የለበትም።

ደንበኛው ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ምልክቱ ሌላ ነው። ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ የድረ ገጹ ሰርተፍኬት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ብሮውዘሩ ገጹን ጭራሽ አይከፍትም፤ ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እዚህ ላይ የእናንተ ኮድ ምንም ማድረግ አይችልም። ቀኑ መስተካከል አለበት።

ከፍሎ ሲመለስ ሎግኢን ይጠይቀዋል፣ ያውም አንዳንዴ ብቻ

«አንዳንዴ» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ቸል አትበሉ። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ «እባክዎ ይግቡ» የሚል ገጽ የሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚደነግጥ አስቡ።

ምክንያቱ የኩኪ ሕግ ነው፤ ኩኪ ድረ ገጹ ተጠቃሚውን ለመለየት ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። ክሮም በ2020 በቨርዥን 80 አሠራሩን ለወጠ። ሴምሳይት (ከሌላ ድረ ገጽ ሲመጣ ይላክ አይላክ የሚወስነው) የሚለው ያልተሞላለት ኩኪ «ላክስ» ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ኩኪ ከሌላ ድረ ገጽ በፖስት (ዳታ ይዞ በሚመጣ ጥያቄ) ሲመጣ አይላክም። የክፍያው ገጽ ደንበኛውን በፖስት ከመለሰው ሰርቨራችሁ ማን እንደሆነ አያውቀውም።

«አንዳንዴ» የሆነው ደግሞ ክሮም ለእንደዚህ ዓይነቱ ኩኪ የሁለት ደቂቃ እፎይታ ስለሰጠ ነው። ከተፈጠረ ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ኩኪ ይላካል። እናንተ ስትሞክሩ ገብታችሁ ወዲያው ትከፍላላችሁ፤ ይሠራል። ደንበኛው ግን ዕቃ ሲመርጥ ቆይቶ፣ የሚስጥር ቁጥሩን አስታውሶ ነው የሚከፍለው።

የሚሻለው መፍትሄ የመመለሻውን አድራሻ ሎግኢን የማይጠይቅ ማድረግ ነው። ፖስቱን ተቀበሉ። ክፍያው መፈጸሙን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በ303 ወደ ውጤቱ ገጽ ላኩት። 303 ጥያቄውን ወደ ጌት (ገጽ ብቻ ወደሚጠይቅ ጥያቄ) ስለሚቀይረው ላክስ የሆነው ኩኪ አብሮ ይመጣል። የኩኪውን ሴምሳይት «ነን» አድርጎ «ሴክዩር» መጨመርም ይሠራል፤ ግን ጥበቃውን ያላላዋል።

አዝራሩን ሲነኩት የትም አይሄድም

አዝራሩ ፎርም ውስጥ ከሆነ የፎርሙ መላክ እናንተ በሎኬሽን የጻፋችሁትን ሪዳይሬክት ይቀድመዋል። ገጹ ራሱን መልሶ ይጭናል። የፎርሙን መላክ በፕሪቨንት ዲፎልት አቁሙ፣ ወይም የአዝራሩን ዓይነት «በተን» አድርጉት።

ዊንዶው ዶት ኦፕን ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ፖፕአፕ ከልካዩ ይዞት ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ከነካ በኋላ የሰርቨር መልስ ጠብቃችሁ መስኮት ከከፈታችሁ ብሮውዘሩ «ይህን ተጠቃሚው አልጠየቀም» ይላል። ኢንተርኔት ሲዘገይ ይብሳል። በዚያው መስኮት መሄድ ይሻላል።

ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ሲከፈት ብቻ እምቢ ይላል

መተግበሪያው ውስጥ ገጹን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ዌብቪው፣ ማለትም መተግበሪያው ውስጥ ያለ ትንሽ ብሮውዘር፣ ነው። ኩኪው ከክሮም የተለየ ነው፤ ክሮም ላይ የገባ ሰው እዚህ እንዳልገባ ይቆጠራል። በጉግል አካውንት መግባት ደግሞ ዌብቪው ውስጥ ተከልክሏል፤ «ዲስአላውድ ዩዘር ኤጀንት» የሚል 403 ይመልሳል። ይህን በኮድ ለመሸወድ አትሞክሩ። «በብሮውዘር ክፈት» የሚል ግልጽ መመሪያ በአማርኛ አሳዩ። በስልክ ቁጥር መግቢያም ጨምሩ።

ኦፔራ ሚኒ ላይ «በ5 ሰከንድ ውስጥ ይወስድዎታል» ይልና ይቀራል

ኦፔራ ሚኒ ዳታ በጣም በሚቆጥብበት ሁነታ ገጹን ስልኩ ላይ አይሠራውም። የኦፔራ ሰርቨር ጃቫስክሪፕቱን ለአጭር ጊዜ ያስኬድና ውጤቱን ጨምቆ ይልካል። ስልኩ ላይ የደረሰው እንደ ፎቶ የቆመ ገጽ ነው። ቆጣሪው አይቆጥርም። ከቻላችሁ በሰርቨር ላኩት። ካልቻላችሁ ከቆጣሪው ሥር ተራ ሊንክ አስቀምጡ።

አድራሻው ውስጥ አማርኛ ሲኖር ይሳሳታል

እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። አድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ሰላም» ብቻውን 27 ምልክት ነው። ከሎግኢን በኋላ የሚመለስበትን አድራሻ በኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት አዘጋጁት። የቀድሞውን ኢስኬፕ አትጠቀሙ፤ ለአማርኛ የሚያወጣውን ቅርጽ ሰርቨሮች በተለምዶ አያነቡትም። አድራሻው ላይ %25 ደጋግማችሁ ካያችሁ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ አድርጋችሁታል፤ አንዱን አንሱ።

«በጣም ብዙ ሪዳይሬክት» ይላል

ክሮም ከ20 ምልልስ በኋላ ተስፋ ይቆርጣል። የተለመደው ምክንያት ከፊት ያለው ፕሮክሲ (በተጠቃሚውና በሰርቨሩ መካከል የሚቆም አገናኝ) ከሰርቨራችሁ ጋር በኤችቲቲፒ መነጋገሩ ነው። ሰርቨሩ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ» ይላል፤ ፕሮክሲው መልሶ በኤችቲቲፒ ይመጣል። ፕሮክሲው እስከ ሰርቨሩ ድረስ በኤችቲቲፒኤስ እንዲሄድ አድርጉ።

ወደኋላ ሲመለስ እዚያው ይገፋዋል

መካከለኛው ገጽ የብሮውዘሩ ታሪክ ውስጥ ስለተመዘገበ ነው። በሎኬሽን ዶት ሪፕሌስ ላኩት።

አስተካክያለሁ፣ ግን አሁንም ወደ ድሮው ገጽ ይልካል

301 «ለዘለዓለም ተዛውሯል» ማለት ነው፤ ብሮውዘሩም ቃላችሁን ያምናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰርቨራችሁን ሳይጠይቅ ከካሹ (ካስቀመጠው ቅጂ) አንስቶ ይሄዳል። በኢንኮግኒቶ መስኮት ስትከፍቱት ከሠራ ካሹ ነው። የራሳችሁን ማጽዳት ትችላላችሁ፤ የደንበኞቻችሁን ግን አትችሉም። አዲስ አድራሻ ስትሞክሩ በ302 ጀምሩ። እርግጠኛ ስትሆኑ ወደ 301 ቀይሩ፤ ያኔም በካሽ ኮንትሮል (የካሹን ዕድሜ በሚወስነው ትእዛዝ) የአንድ ሰዓት ዕድሜ ስጡት።