ከተማን ለአንድ ዓመት የባህል ፌስቲቫል ማዘጋጀት

«የአውሮፓ የባህል መዲና» የሚባለው ማዕረግ በግሪክ የባህል ሚኒስትር በሜሊና መርኩሪ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1985 ከአቴንስ ከተጀመረ ወዲህ በርካታ ከተሞች ዓመቱን ሙሉ የዘለቀ የባህል ዝግጅት አስተናግደዋል። እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚረከብ የከተማ አስተዳደር አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ የዓመቱ ዕጣ የሚወሰነው ከመክፈቻው ዕለት ብዙ ዓመታት በፊት መሆኑን ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ከመክፈቻው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይውጣ። በአሁኑ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የውድድሩ ጥሪ የሚወጣው ስድስት ዓመት ያህል ሲቀረው ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎች በሁለት ዙር ተጣርተው አሸናፊው ከተማ ከታወቀ በኋላ ገለልተኛ ባለሙያዎች ዝግጅቱን ሦስት ጊዜ ይገመግማሉ። በሜሊና መርኩሪ ስም የተሰየመው የ1.5 ሚሊዮን ዩሮ ሽልማትም የሚከፈለው ከተማው በውድድሩ ጊዜ የገባውን ቃል ጠብቆ ሲገኝ ነው። ገምጋሚው ከአዘጋጁ የተለየ መሆኑ የሥርዓቱ ትልቁ ብልኃት ይመስለኛል፤ ከኅብረቱ ውጭ ያለ ከተማም ይህን ቢከተል ይጠቀማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የነዋሪው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። በደቡብ ኢጣሊያ የምትገኘው የማቴራ ነዋሪዎች ሳሲ ከሚባሉት የዋሻ ቤቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ እንዲለቁ ተደርገው ነበር። ያው ሰፈር በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከተማዋም በ2019 የባህል መዲና ሆነች። ያን ጊዜ አዘጋጆቹ እንግዳውን እንደ ጊዜያዊ ነዋሪ ቆጥረው፣ ዓመቱን ሙሉ ዝግጅቶችን የሚያስገባ «ፓስፖርት» በ19 ዩሮ አቀረቡለት። እንግዳ በነዋሪው ቤት ላይ እንደሚገባ አውቆ መጀመር ማለት ይህ ነው፤ ቤት ለቆ የሄደ ሕዝብ ባለበት ከተማማ ከዚህ ያነሰ አክብሮት አይበቃም።

አዳራሽ ከመገንባት በፊት ያለው ይፈተሽ። ማቴራ ካቫ ዴል ሶሌ የተባለውን አሮጌ የድንጋይ ማውጫ የትርዒት ስፍራ አድርጋዋለች። ሊል የተባለችው የፈረንሳይ ከተማም በ2004 ተራዋ ሲደርስ የቀድሞ የፈትል ፋብሪካና የቢራ መጥመቂያ ለሰፈሮቹ የባህል ቤት እንዲሆኑ አድሳለች።

ውጤቱን ለመለካት ደግሞ በዓሉ እስኪያልቅ አይጠበቅ። ሊቨርፑል በ2008 ላስተናገደችው ዓመት ጥናቱ በሁለት የከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው በ2005 ነበር፤ ቀድሞ የነበረው ካልተመዘገበ የተለወጠው ከምን እንደተለወጠ ማሳየት አይቻልም።

የዝግጅቱ መርሐ ግብር በክረምትና በበጋ፣ በመሃል ከተማና በዳር ሰፈሮች ይደልደል፤ በጀቱ በመክፈቻው ሳምንት እንዳያልቅም ለመጨረሻዎቹ ወራት የሚሆነው ከመጀመሪያው ለብቻው ይቀመጥ። በተለይ ከመዝጊያው በኋላ የሚሠራው ቡድን ዓመቱ ሳይጋመስ መሰየም አለበት፤ ሊል ከ2004 በኋላ ሊል 3000 በሚል መጠሪያ ሥራዋን መቀጠል የቻለችው የሚረከብ አካል ስለነበራት ነው።