ያግ ሌዘር ሲግል የሚበላሸውን ፖላራይዜሽን እንዴት እናስተካክላለን?

የምሠራው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለች ትንሽ የጥገና ቤት ውስጥ ነው። በላምፕ የሚነዱ የኒዮዲሚየም ያግ ሌዘሮች ሲመጡልኝ ስሞታው ተመሳሳይ ነው፦ ከረንቱ ዝቅ ሲል ደህና ይሠራል፤ ከፍ ሲል ጉልበቱ መጨመሩን ያቆምና ጭራሽ መውረድ ይጀምራል። ብዙ ሰው ላምፑ ደክሟል ብሎ አዲስ ይገዛል። ሌዘሩ ውስጥ ፖላራይዘር (ብርሃን የሚርገበገብበትን አቅጣጫ፣ ማለትም ፖላራይዜሽኑን፣ ለይቶ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሮዱን፣ ማለትም የሌዘሩን ብርሃን የሚያመነጨውን የያግ ክሪስታል ዘንግ፣ ጠርጥሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮዱ መሃሉ ይግላል፣ ዳር ዳሩን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። መሃሉ ልለጠጥ ሲል ዳሩ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ይህ ውጥረት ክሪስታሉን ከመሃል ወደ ዳር በሚሄደው አቅጣጫና በዙሪያው አቅጣጫ ለብርሃን የተለያየ ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ የገባው ፖላራይዜሽን በሰያፍ ቦታዎች ላይ ይዛባል፤ ፖላራይዘሩም የተዛባውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ሙቀቱ ሲበረታ በአንድ ማለፍ ብቻ በአማካይ 25% ገደማ የሚሆነው ብርሃን ሊዛባ ይችላል።

መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን አጽዱ። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ራዲያተር ባሕር ጠረፍ ላይ የሚሠራውን ያህል እዚህ አይሠራም። ውሃው ማዕድኑ የወጣለት ይሁን፣ ፍሰቱም ይለካ። ውሃውን ይበልጥ ማቀዝቀዝ ግን መድኃኒት አይደለም። በመሃሉና በዳሩ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ሮዱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት እንጂ የውሃው ቅዝቃዜ አይደለም።

ቀጥሎ ጉዳቱን በዓይን እንየው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሌዘሩ የፊት መስተዋት ይውጣ፣ እንዳይተኩስ። ሰፋ ያለ ቀይ ጨረር በሮዱ ውስጥ አሳልፉ፤ ከሮዱ በፊት አንድ ፖላራይዘር፣ ከሮዱ በኋላ ደግሞ በ90 ዲግሪ የዞረ ሌላ ፖላራይዘር ይቀመጥ። የላምፑ ብርሃን ስለሚያጥበረብር ካሜራው ፊት ቀዩን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አድርጉ። ላምፑ ሳይበራ ምስሉ ጨለማ መሆን አለበት። ሲበራ አራት ብሩህ ቅጠሎችና በመሃላቸው ጥቁር መስቀል ይታያል፤ የመስቀሉ ክንፎች ከፖላራይዘሮቹ አቅጣጫ ጋር ይገጥማሉ።

«ላምፑ ሳይበራ» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ ይህን ዘልዬ ሦስት ሳምንት አቃጥያለሁ። መስቀሉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሳየው የሙቀት ጥፋት ነው ብዬ ኦፕቲክሱን ስገለባብጥ ከረምኩ። አንድ ቀን ማሽኑ ጠፍቶ ካሜራው ክፍት ቀርቶ ሳየው፣ ቀዝቃዛው ሮድ ጫፉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል! የሮዱን መያዣ ብሎን ከመጠን በላይ አጥብቄው ኖሮ ኦሪንጉ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱ) ክሪስታሉን ጨምቆታል። ብሎኖቹን ሩብ ዙር ሳላላቸው ምስሉ ጠቆረ። ብሎን የሚፈጥረውን ውጥረት በኦፕቲክስ ከማሳደድ ብሎኑን ማላላት ይሻላል፤ ስለዚህ ጨለማው ሙሉ ሳይሆን ወደፊት አትሂዱ።

ማስተካከያው ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ነው፤ ለ1064 ናኖሜትር (ለዚህ ሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመት) የተሠራና ጸረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው ሩብ ሞገድ ሳህን፣ ባለሙያዎች ኳርተር ዌቭ ፕሌት የሚሉት፤ በአንዱ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ከሌላው በሩብ ሞገድ ያዘገየዋል። የሚገባው በሮዱና በኋላው መስተዋት መካከል፣ ፖላራይዘሩ በሌለበት ወገን ነው። ብርሃኑ ሳህኑን አልፎ፣ መስተዋት ነክቶ፣ እንደገና ሳህኑን ሲያልፍ መዛባቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሮዱ በመሄጃው ያበላሸውን በመመለሻው አብዛኛውን ራሱ ያቃናዋል። ብርሃኑ በወጣበት ነጥብ እንዲመለስ ሮዱ፣ ሳህኑና መስተዋቱ ይቀራረቡ።

የፊት መስተዋቱን መልሳችሁ መነጽር አድርጉ፤ 1064 ናኖሜትር አይታይም፣ ዓይንን ግን ለዘለቄታው ያጠፋል። በዝቅተኛ ከረንት ሳህኑን አዙሩ። የሳህኑ ዘንግ ከፖላራይዘሩ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ሲርቅ ሌዘሩ መተኮሱን ያቆማል፤ ከዚያ ወደ 0 ወይም ወደ 90 ውሰዱት። ከዚያ ከረንቱን ወደ ሥራ ደረጃው አምጡና ዋናውን ጨረር ተዉት፤ የኃይል መለኪያውን ፖላራይዘሩ ወደ ጎን በሚጥለው ብርሃን ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ትንሹ ላይ ሲደርስ አጥብቃችሁ እሰሩ። ዋናውን ጨረር እያዩ ማስተካከል ያታልላል፤ ትንሽ የመስተዋት መዛነፍም ያንኑ ቁጥር ይቀይረዋል።

አንዳንዶች ለሁሉም ነገር ፖላራይዜሽኑን በማግኔት 45 ዲግሪ የሚያዞር ፋራዴይ ሮቴተር ይመክራሉ። ከሳህኑ የተሻለ ያጠራል፣ ነገር ግን ውድና ግዙፍ ነው፤ እኔ ሳህኑ አልበቃ ሲል ብቻ አስበዋለሁ። ሁለት ሮድ ያለው ማሽን ከሆነ ግን በመካከላቸው ፖላራይዜሽኑን በ90 ዲግሪ የሚያዞር ኳርትዝ ማስገባት ይሻላል፤ ሁለቱ ሮዶች እኩል መሞቅ፣ የአንዱም ምስል በሌንስ ሌላው ላይ መውደቅ አለበት። ላምፖቹን በአንድ ቀን ቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ሙቀቱ እኩል አይሆንም።