የሞተርሆም ጋዝ ላይ የውጭ ግሪል ስንሰካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ ቤት የሆነ መኪና፣ ያላችሁ ጎኑ ላይ ዝቅ ብላ ያለችውን የጋዝ መሰኪያ ታውቋታላችሁ፣ ትንሽ ክዳን ያላት። እኔ መጀመሪያ ሳያት ያሰብኩት በቃ ከዚህ በኋላ ትንንሽ ሲሊንደር መግዛት ቀረ ብዬ ነው። የስጋ መጥበሻ ግሪሉን አወጣሁ፣ የጋዝ ጎማውን (ቱቦውን) ሰካሁ፣ ለኮስኩ፣ እሳቱ የልደት ሻማ አከለ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት ያው ነው፣ ነፋስ ይሆናል ብዬ በካርቶን ከለልኩት ያው ነው፣ ጋዙ አልቆ ይሆን ብዬ ጌጁን ሳይ ከግማሽ በላይ አለ። ስጋው ከ40 ደቂቃ በኋላም ግራጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ኋላ ሲገባኝ ለካ ሁለት ሬጉሌተር፣ ማለትም የጋዝ ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ፣ ደራርቤ ኖሯል።

እንግዲህ የመጀመሪያውና ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄን ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ የፕሮፔኑ፣ ግፊት እንደ ሙቀቱ ይለያያል፣ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው፣ ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ ነው፣ 38 ዲግሪ ሲደርስ ከ170 ያልፋል። የሞተርሆሙ ሬጉሌተር ይሄን ሁሉ አውርዶ አውርዶ 0.4 ፒኤስአይ ያደርገዋል። በሙያው ቋንቋ 11 ኢንች የውሃ ዓምድ ይባላል፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለን ውሃ ወደ 28 ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው፣ በቃ ይሄው ነው። የመኪና ጎማ እንኳን 30 ምናምን ፒኤስአይ ይይዛል። አሁን ባለ 1 ፓውንዷን ትንሽ ሲሊንደር እንዲጠቀም የተሠራው ግሪል የራሱ ሬጉሌተር አለው፣ እሱ ደግሞ የሚጠብቀው የታንክ ግፊት ነው፣ ያንን እንዲገታ ተብሎ መግቢያው ጠባብ ተደርጎ ነው የተሠራው። 0.4 ፒኤስአይ ስትሰጡት ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ ጎኑ ላይ ካለችው መሰኪያ ለመጠቀም የግሪሉ ሬጉሌተር መውጣት አለበት፣ አንዳንዱ ግሪል ላይ ተፈቶ የሚወጣ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ከማዞሪያው ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ አምራቹ ለዝቅተኛ ግፊት ብሎ ያወጣውን መቀየሪያ መፈለግ ነው፣ መቀየሪያ ከሌለው ደግሞ ያ ግሪል ለዚህች መሰኪያ አልተሠራም ማለት ነው፣ አትታገሉት።

ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው። ሬጉሌተሩን አውጥቶ ግሪሉን ለሞተርሆሙ ያመቻቸ ሰው አንድ ቀን ትንሿን ሲሊንደር መልሶ ይገጥምበታል፣ ወይም ከታንኩና ከሬጉሌተሩ መሀል የምትገባዋን ቲ፣ ሦስት አፍ ያላትን መገጣጠሚያ፣ ገዝቶ ከሷ ያገናኘዋል። እዛ ጋ ያለው ግፊት ገና አልወረደም! ለ0.4 የተዘጋጀ ማንደጃ 100 ምናምን ሲመጣበት ውጤቱ የፊት ፀጉር ነው የሚበላው፣ ፀጉር ብቻ ከሆነም እድለኛ ናችሁ። ቲዋ በራሷ መጥፎ አይደለችም፣ እንዲያውም የራሱ ሬጉሌተር ያለውን ግሪል ሳይነካካ ለመጠቀም ጥሩ መፍትሄ ናት፣ ብቻ ጎማው ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ መሆን አለበት። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ የማገናኘው ከሬጉሌተሩ በፊት ነው በኋላ? በፊት ከሆነ ግሪሉ ሬጉሌተር ይኑረው፣ በኋላ ከሆነ አይኑረው። እኔ ሬጉሌተሩን ያወጣሁለትን ግሪል ክዳኑ ላይ በቀይ ማርከር ጽፌበታለሁ፣ ምክንያቱም ከዓመት በኋላ አላስታውስም፣ ያዋስኩት ሰው ደግሞ ጭራሽ አያውቅም።

እሳቱ ሲያንስ ሰው ወደ ሁለት ነገር ይሮጣል፣ ሁለቱም አይሆኑም። አንዱ የሞተርሆሙ ሬጉሌተር ላይ ያለችውን ማስተካከያ አጥብቆ ግፊት መጨመር ነው። ያ ሬጉሌተር እኮ የግሪሉ ብቻ አይደለም፣ ውስጥ ያለው ምድጃ፣ ፍሪጁ፣ ውሃ ማሞቂያው፣ የቤት ማሞቂያው ሁሉ በሱ ነው የሚሄዱት፣ ውጭ ላለ ስጋ ብላችሁ ውስጥ የሁሉንም እሳት ታበላሻላችሁ። ማስተካከል ካስፈለገ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ነው የሚስተካከለው፣ በግምት አይደለም። ሁለተኛው የማንደጃውን ኖዝል፣ ጋዙ የሚወጣባትን ጫፍ፣ በድሪል ማስፋት ነው። ቀዳዳዋ ስታይዋት የመርፌ ጫፍ ናት፣ ዲያሜትሯ እጥፍ ከሆነ የሚያልፈው ጋዝ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ስህተት ትልቅ ነው። ከአየር ጋር በልኩ ያልተቀላቀለ ጋዝ ቢጫ ሆኖ ይነዳል፣ የድስቱን ቂጥ ያጠቁራል፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመጣል። ሰማያዊ እሳት ነው የምንፈልገው።

እና ደግሞ ሁሉም ዕቃ በዚህች መሰኪያ አይሠራም፣ ይሄን መቀበል ነው። ትልቅ ድስት ዘይት ለማፍላት የሚሸጡት ባለ አንድ እሳት ማንደጃዎች ብዙዎቹ 10 ወይም 20 ፒኤስአይ ሬጉሌተር ይዘው ነው የሚመጡት፣ እነሱን 0.4 ላይ ሰክቶ ውሃ ይፈላል ብሎ መጠበቅ ቀልድ ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን አንብቡ፣ የሚፈልገው ግፊት ተጽፎባታል። አውሮፓ የተሠራ ካምፐር ከሆነ በሚሊባር፣ በሌላ የግፊት መለኪያ፣ ነው የሚጻፈው፣ አዳዲሶቹ 30 ሚሊባር ናቸው፣ የድሮዎቹ ውስጥ 50 የሆኑ አሉ፣ የ30ውን ዕቃ 50 ላይ መስካት እንዳይመጣ። 11 ኢንች ማለት ወደ 27 ሚሊባር ነው፣ ለማነጻጸር ከፈለጋችሁ።

ፊቲንግ፣ ማለትም መገጣጠሚያ፣ ላይ ያየሁትን ብጽፍ አያልቅም። አንድ ጎረቤት ካምፕ ውስጥ የአየር ኮምፕሬሰር መሰኪያ አምጥቶ "ይገባል እኮ" አለኝ። አዎ ይገባ ይሆናል፣ ግን ውስጡ ያለችው ጎሚኒ፣ ማሸጊያዋ ላስቲክ፣ ለፕሮፔን የተሠራች አይደለችም፣ መጠኑም የተመሳሰለ ይምሰል እንጂ በትክክል ላይገጥም ይችላል፣ ለጋዝ የተሠራውን ግዙ፣ አለቀ። ሌላው አቅጣጫው ነው፣ ጋዝ በሚመጣበት በኩል ሴቷ (ተቀባይዋ) መሆን አለባት፣ ሲነቀል ራሷ የምትዘጋዋ፣ ወንዱ (ገቢው) ደግሞ ግሪሉ በኩል ባለው ጎማ ጫፍ ላይ። ገልብጦ የገጠመ ሰው ሲነቅል ጋዙ ክፍት በቀረው ጫፍ ይወጣል። ተፍሎንም በየቦታው አይጠቀለልም፣ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ብረት ለብረት የሚገጥመው የፍሌር ፊቲንግ ላይ ምንም አይደረግም፣ ከተደረገበት እንዲያውም ያፈሳል፣ ተፍሎን የሚያስፈልገው በጥርሱ ለሚያሽገው ነው፣ እሱም ለጋዝ የሚሆነው ቢጫው። የድሮው ዓይነት የታንክ ፊቲንግ ደግሞ ጥርሱ ግራ ስለሆነ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ እያጠበቀ ሲላብ አይቻለሁ።

ቀጥሎ መፈተሽ። በላይተር የሚፈትሽ ሰው ዛሬም አለ፣ አትሳቁ አለ። የዕቃ ሳሙና በውሃ በጥብጡ፣ አሞኒያ የሌለበት ይሁን ምክንያቱም አሞኒያ ነሐሱን ይበላዋል፣ የግሪሉ ማዞሪያ እንደተዘጋ ጋዙን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ከዛ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በብሩሽ ቀቡ። አይታችሁ ወዲያው አትሂዱ፣ ትንሿ ፍሳሽ ወዲያው አትታይም፣ ደቂቃ ያህል ስትቆዩ ነው እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ አረፋዎች አንዱ ጥግ ላይ እየተሰበሰቡ የሚመጡት። ቀስ ብላችሁ ክፈቱ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ታንኩ ላይ ያለው ቫልቭ ድንገት ሲከፈት ጎማ የተበጠሰ መስሎት የሚያልፈውን ጋዝ በጣም ይቀንሳል፣ ያኔም እሳቱ ሻማ ያክላል። መፍትሄው ዘግቶ ትንሽ ጠብቆ ቀስ ብሎ መክፈት ብቻ ነው፣ ስንቱ ሰው በዚህ የተነሳ ደህናውን ሬጉሌተር ጥሏል።

ቦታ ላይ አጭር ነው የምለው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ካፈሰሰ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት መሬቱን ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ የጋዝ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ የሚገጠመውም ለዚህ ነው። ዝናብ መጣ ብሎ የሸራው ጥላ ሥር ማስገባት፣ ወይም ጎማው አጭር ስለሆነ ከመስኮቱ ሥር ማስጠጋት አይሆንም፣ ሸራው ይያዛል፣ ጭሱና ካርቦን ሞኖክሳይዱም ወደ ውስጥ ይገባል። ረጅም ጎማ ግዙ፣ ግን ርዝመቱ ሲጨምር ውስጡም ሰፋ ይበል፣ ቀጭን ረጅም ጎማ ከ0.4ዋ ላይ ይቀንስባችኋል። ጎማውን ደግሞ ሰው የሚያልፍበት ላይ አትዘርጉ፣ ማታ በጨለማ የሚጠልፈው ልጅ አይጠፋም።

ስትጨርሱ ብዙ ሰው ግሪሉን አጥፍቶ ጎማውን ይነቅላል፣ ጎማው ውስጥ ጋዝ እንዳለ። እኔ የማደርገው እሳቱ እየነደደ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለችውን ቫልቭ መዝጋት ነው፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ እሳቱ ራሱ ይጠፋል፣ ከዛ ማዞሪያውን ዘግቼ እነቅላለሁ። የመሰኪያዋን ክዳን እዛው መልሱ፣ አቧራና ሸረሪት ይገባባታል። ጎማውም ጫፉ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፣ የግሪሉን ማንደጃ ቱቦ ደግሞ ከወራት በኋላ ስታወጡት በቀጭን ብሩሽ ጥረጉት፣ ሸረሪት እዛ ውስጥ ድር ማድራት ትወዳለች፣ እና ድር የደፈነው ቱቦ እሳቱን በማንደጃው ሳይሆን ከኋላ በኩል በማዞሪያው ሥር ያወጣዋል።