ቀ²ን በቀ² ከመሰረዛችሁ በፊት

ራሽናል ፈንክሽን (እንደ ቀ ያለ ተለዋዋጭ ታቹ ላይ ያለበት ክፍልፋይ) ሳስጠና ሁልጊዜ የምጀምረው በዚህች ጥያቄ ነው፦

ፈ(ቀ) = (ቀ² + ቀ − 6) / (ቀ² − 4)

ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ የተሳሳትኩት እሷን ነው። ላይም ታችም ቀ² ስላየሁ ሁለቱንም ሰርዤ (ቀ − 6) / (−4) አልኩ። ልክነቱን ላረጋግጥ በቀ ቦታ 0 ተካሁ፤ ዋናውም የኔም 3/2 ሰጡኝ። ተማምኜ ወረቀቱን አስረከብኩ። 1ን ሞክሬ ቢሆን ዋናው 4/3፣ የኔ 5/4 ሆኖ ስህተቱ ይገለጥልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማረጋገጫ 0ን አልጠቀምም፤ ቀ ያለበትን ሁሉ ስለሚያጠፋ ስህተቱንም አብሮ ይደብቃል።

የሚሰረዘው የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም። ስለዚህ ላዕሉንም ታህቱንም መጀመሪያ ወደ ብዜት ለውጡ፦

[(ቀ + 3)(ቀ − 2)] / [(ቀ + 2)(ቀ − 2)]

ገና አትሰርዙ። ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉት 2 እና −2 ናቸው፤ ኅዳጉ ላይ ጻፏቸው። አሁን (ቀ − 2) ይሰረዝና (ቀ + 3) / (ቀ + 2) ይቀራል። እዚህ ላይ 2ን ብትተኩ 5/4 ይወጣል፤ ፈ(2) ግን 5/4 አይደለም። ዋናው 0/0 ስለሚሆን ፈ በ2 ላይ ዋጋ የለውም፤ ግራፉ እዚያ ነጥብ ላይ ቀዳዳ አለው። በ−2 ላይም ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ከተቃለለ በኋላም ታህቱ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል፣ ግራፉም ቀ = −2 የሚለውን ቀጥ ያለ መስመር እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይነካውም።

መተካቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ቅንፍ ብቻ አትርሱ። ቀ = −5 ሲሆን (−5)² = 25 ነው፤ ያለ ቅንፍ −5² ብትጽፉ −25 ይሆንባችኋል። ላዕሉ 25 − 5 − 6 = 14፣ ታህቱ 25 − 4 = 21፤ 14/21 ሲቃለል 2/3። በተቃለለውም −2/−3፣ ያው 2/3።

የሚተካው ራሱ ክፍልፋይ ሲሆን ብዙ ተማሪ ይደነግጣል። ቀ = 1/2 ከሆነ (1/2 + 3) / (1/2 + 2) ይመጣል። ላዕሉንም ታህቱንም በ2 አባዙ፤ (1 + 6) / (1 + 4) = 7/5 ይሆናል፣ አለቀ።

ፈ(ቀ + 1) ከተጠየቃችሁም እያንዳንዷን ቀ አንስታችሁ (ቀ + 1)ን ከነቅንፉ አስገቡ፦ (ቀ + 4) / (ቀ + 3)። ኅዳጉ ላይ የጻፋችኋቸውም ቁጥሮች አብረው ይዛወራሉ፤ አሁን የተከለከሉት 1 እና −3 ናቸው።