ትልልቅ ፋይሎችን ከሀገር ቤት ጋር መላላክ፦ ለዳያስፖራው መመሪያ

በውጭ ሀገር ሆኖ የቤት ግንባታ፣ የውርስ ጉዳይ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር የሚከታተል ሰው፣ ውሎ አድሮ የበርካታ ጊጋባይት ፋይል መላኩ ወይም መቀበሉ አይቀርም። «በምን ልላከው?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሚቀበለውና ሙሉ ሆኖ መድረሱ በምን እንደሚረጋገጥ ነው።

መንገዱን ባጭሩ ልግለጸው። የጂሜይል አባሪ ጣሪያ 25 ሜጋባይት ሲሆን፣ አባሪው በመላኪያው ሂደት መጠኑ በሢሶ ያህል ስለሚጨምር ከዚያ ያነሰውም ላያልፍ ይችላል። ቴሌግራም ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት ያደርሳል፤ ነገር ግን ሰነድን በፎቶ መልክ ከላኩት ስለሚጨመቅ የማኅተሙ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በፋይልነቱ ይላኩት። ከዚህ ለሚበልጠው እንደ ፋይልዚላ ያለ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር በኤስኤፍቲፒ (መረጃን መስጥሮ በሚያስተላልፈው የፋይል መላኪያ ዘዴ) ይጠቀሙ፤ ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልዎን ሳይመሰጥር ያስተላልፋል። መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት መቀጠል የማይችል ሶፍትዌር ለትልቅ ፋይል አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቤተሰባችን ለአንድ ክርክር የሚያስፈልጉ ሰነዶችንና ቪዲዮዎችን በአንድ ትልቅ ፋይል ጠቅልሎ ወደ ሀገር ቤት ልኮ ነበር። የተቀበለው ዘመዳችን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ለጠበቃው አስረከበ፤ «ሁሉም ደርሷል» ሲል አረጋገጠልን፤ ቦታ ለማስለቀቅም ከኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አጠፋው። ጠበቃው ሊከፍተው ሲሞክር ፋይሉ አልከፈት አለው። የፋይሉን መጠን በባይት እንዲያነብልን ስንጠይቀው 4,294,967,295 አለን። ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን ይናገራል፤ ፋት32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው ጣሪያ ይኸው ነው፤ ከ4 ጊጋባይት አንድ ባይት ብቻ ያንሳል። መገልበጫው እዚያ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ የተቆረጠውን ፋይል ከነስሙ ትቶት ነበር። ዘመዳችን ያየው ስሙን ነው፤ ከፍቶ አላየውም፣ መጠኑንም ከላክነው ጋር አላነጻጸረም።

ይህ ሰው ሌባ አይደለም፤ የምንወደውና የምናምነው ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ለማናውቀው ሠራተኛ «ማረጋገጫ ላክልኝ» ለማለት የማንቸገረውን ያህል፣ ለዘመድ ሲሆን ይሉኝታ ይይዘናል፤ እሱም ጥያቄውን እንደ አለመታመን ይቆጥረዋል። የሰው ታማኝነት ግን የፋይልን ሙሉነት አያረጋግጥም። ስለዚህ ደንቡን ከመጀመሪያው፣ ቅሬታ ሳይኖር፣ ለሁሉም እኩል ያውጡት፤ ለወንድምም ለጠበቃም። ላኪው የፋይሉን መጠን በባይትና ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን፣ ሻ-256 የተባለውን ባለ 64 ፊደልና ቁጥር መለያ አስቀድሞ ይላክ፤ ተቀባዩም ፋይሉ በደረሰበት ቦታ ላይ በራሱ አስልቶ ይመልስ። ሰቨን ዚፕ የተባለው የፋይል መጠቅለያ ሶፍትዌር ይህንን ያሰላል። ሁለቱ መለያዎች ካልገጠሙ ፋይሉ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ እስኪገጥሙም ድረስ ማንም ዋናውን አያጥፋ። ተቀባዩ ይህን መሥራት የማይችል ከሆነ፣ ምንም ያህል ቅርብ ቢሆን ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ደግነቱን ለሌላ ጉዳይ ያቆዩለት።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሊንክን ይመለከታል። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይክፈት» በሚል የተለቀቀ ማኅደር፣ ከወንድምዎ ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደማያውቁት ሰው በአንድ ጊዜ ይተላለፋል፤ የውክልናዎና የፓስፖርትዎ ቅጂ በስንት እጅ እንደገባ ማወቂያ የለዎትም። ፈቃዱን በስም ይስጡ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ይዝጉት። የአካውንትዎን የይለፍ ቃል ለማንም አይስጡ። በኪራይ ኮምፒውተር ላይ የወረደ ሰነድም ከዳውንሎድ ማኅደርና ከቆሻሻ መጣያው እንዲጠፋ ለተቀባዩ በግልጽ ይንገሩ፤ ሳይነገረው የሚያደርገው ጥቂት ነው።

ፍላሽ የግድ ከሆነ፣ የፋት32 ጣሪያ በሌለበት ኤክስፋት በተባለው አሠራር ይዘጋጅ፤ መስመሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን በሰቨን ዚፕ ባለ 1 ጊጋባይት ክፍሎች ይከፋፍሉት። የመጨረሻው ክፍል ከሌሎቹ አንሶ ቢገኝ አያስደንግጥዎ፤ የተበላሸ ክፍል ቢገኝ እሱን ብቻ ደግሞ መላክ ይበቃል።