የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳዬ ጉድ

በ2017 መጀመሪያ ወራት አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዳማ ድረስ ይሰማን ነበር። ያኔ ነው በአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ የድንገተኛ ጊዜ ዕቃ ሞልቼ በር ጥግ ያስቀመጥኩት። ከዚያ ረሳሁት። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ሲጠፋ ከፈትኩት፣ አይ ጉድ!

የእጅ ባትሪው አይበራም። ክዳኑን ፈትቼ ሳይ ድንጋዮቹ አፍስሰው ሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት ጋግረዋል። በሶው ነቅዟል። ፓወር ባንኩ ዜሮ።

ባትሪውን ልጥለው ነበር። ግን የአልካላይን ድንጋይ ፈሳሽ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ አሲድ ያስለቅቀዋል፣ ቤት ደግሞ ሎሚ አለ። እጄ ላይ ፌስታል አጥልቄ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ሎሚ ውስጥ እየነከርኩ ሽቦውን ፈተግኩት። ትንሽ አረፋ ሠራና ለቀቀ። በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጠረግኩት፣ ክፍቱን አሳደርኩት። ጠዋት በአዲስ ድንጋይ ቦግ አለ። ከእንግዲህ ድንጋዮቹ ለብቻቸው በላስቲክ ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት።

በሶውን ቀይሬ በደንብ በደረቀ ሃይላንድ እስከ አፉ ጠቀጠቅኩት። እናቴ አይታኝ «ዘመቻ ልትሄድ ነው እንዴ?» አለች። ፓወር ባንኩን ደመወዝ በገባ ቁጥር አየዋለሁ። ስልክ ሊዘጋ ስለሚችል የቤተሰብ ቁጥሮችንና የቀይ መስቀል አምቡላንስን፣ 907ን፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር በላስቲክ አሸግኩ።

ውሃው ብቻ አስቸገረኝ፣ 4 ሊትር ስጨምርበት ቦርሳው አልነሳ አለ። 2 ሊትር ተውኩበት፣ ጀሪካኗ አጠገቡ ቆማለች።