ሚኒያቸር ነጭ ስትቀቡ የሚያበላሹባችሁ ነገሮች

ዋርሃመር 40,000 በሚባለው፣ ሚኒያቸር የሚባሉ ትንንሽ የወታደር ሞዴሎች እየተቀቡ ጠረጴዛ ላይ በሚጫወቱበት ጨዋታ ውስጥ፣ ነጭ ጥሩር የሚለብሱትን ኋይት ስካርስ የተባሉ ወታደሮችን ወይም የጦር ሐኪሞቹን አፖቴካሪዎች ለመቀባት የተነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቀለሙ ይዝጎረጎራል። ወይ ይጓጉላል። ወይ ደግሞ ሲደርቅ ዱቄት ዱቄት ይላል። ብዙዎች ይሄኔ "እጄ አይረባም" ብለው ይተዉታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ነጭ የራሱ ጠባይ አለው፣ ያንን ካወቃችሁ ተራ ብሩሽም ይበቃችኋል።

ትልቁ ስህተት ከመጀመሪያው ንጹሕ ነጭ ማልበስ ነው። ከነጭ በላይ የሚደምቅ ቀለም የለም፤ ሁሉንም ቦታ ነጭ ካደረጋችሁት ብርሃን የሚያርፍበትን በምን ልታሳዩ ነው? ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲቆም ልብ ብላችሁ እዩ። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ነጭ አይደለም፤ ግራጫ ነው፣ ያውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ንጹሕ ነጭ የሆነው ፀሐይዋ በቀጥታ ያረፈችበት ትከሻውና የእጥፋቱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ዓይናችን ግን ሁሉንም አንድ ላይ "ነጭ" ብሎ ይቀበለዋል። ሞዴሉም ላይ ይሄው ነው። ሲታዴል በሚባሉት የሚኒያቸር ቀለሞች ከሆነ የምትሠሩት ሴለስትራ ግሬይን መሠረት አድርጉ፣ ከላዩ ኡልቱዋን ግሬይን ሰፋ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ኋይት ስካር የሚባለውን ንጹሕ ነጭ ቀለም ለጠርዝና ለከፍታ ቦታ ብቻ አስቀሩት። የሌላ ኩባንያ ቀለም ካላችሁም ያው ነው፦ መካከለኛ ግራጫ፣ በጣም የነጣ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ።

ሁለተኛው ጥቁር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ልባስ) ላይ መነሳት ነው። ነጭ የሚሸፍነው ብርሃን በመበተን ነው፤ ጥቁር ደግሞ ከሥር ሆኖ ያንን ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ አንድ እጅ ትቀባላችሁ፣ ያሳያል፤ ሁለተኛ እጅ፣ አሁንም ያሳያል፤ አራተኛው ላይ ስትደርሱ የፊቱ ዝርዝር ሁሉ በቀለም ተደፍኗል። ከግራጫ ወይም ወደ ነጭ ከሚያደላ ፕራይመር ተነሱ። ግሬይ ሲርም ሆነ ኮራክስ ኋይት ሥራውን በግማሽ ይቀንሱላችኋል።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የነጭ ቀለም ዱቄት ታይታኒየም ዳዮክሳይድ ይባላል፣ ከውሃ ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ዕቃው ትንሽ ከተቀመጠ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳትንጡት ከላይ ከቀዳችሁ የምታገኙት ፈሳሹን ነው፤ አይሸፍንም፣ ያብለጨልጫል። ከታች ከዛቃችሁ ደግሞ ወፍራሙን ነው፣ እሱ ነው የሚጓጉለው። ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ጠብታ ማውጫ ያለው ጠርሙስ ከሆነ ውስጡ ትንሽ የማይዝግ ብረት ኳስ ጣሉበት።

ከዚያ ማቅጠን። ውሃ ብቻ ሲበዛበት ነጩ ይበታተናል፤ የትከሻውን ክብ ጥሩር ብትቀቡ መሃሉ ባዶ ይሆንና ቀለሙ ዳር ዳሩን ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል። ይህን የሚያስተካክለው ከውሃው ላይ ትንሽ አክሪሊክ ሚዲየም (የቀለም ዱቄት የሌለበት የአክሪሊክ ፈሳሽ) መጨመር ነው፤ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ግን ተያይዞ ይቆያል። ብሩሹን ነክራችሁ በቀጥታ ሞዴሉ ላይ አታሳርፉት። መጀመሪያ ሶፍት ላይ ነካ አድርጉት፣ ትርፉን ይጠጣ። ከዚያ ጥሩሩ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቡት፣ ስባችሁ ስትጨርሱ ብሩሹ ከሞዴሉ የሚላቀቅበት ቦታ ላይ ብዙ ቀለም ስለሚቀር መጨረሻችሁ ብርሃን በሚበዛበት በኩል ይሁን። እና አትመለሱበት! ግማሽ የደረቀ ነጭ ላይ ብሩሽ ከመለሳችሁ የታችኛውን ልጦ ያነሳዋል። የጸጉር ማድረቂያ ካላችሁ ቀዝቀዝ ባለው ንፋስ አድርቁትና ቀጥሉ።

ጥላውን ለማውጣት ናልን ኦይል የሚባለውን ቀጭን ጥቁር የጥላ ቀለም ሞዴሉ ሙሉ ላይ ማፍሰስም የተለመደ ነው። ሌላ ቀለም ላይ ይሠራል። ነጭ ላይ ግን ያቆሽሸዋል፤ ያንን እድፍ ለማንሳት እንደገና ሙሉውን መቀባት ሊኖርባችሁ ነው። ቀጭን ብሩሽ ይዛችሁ ጥሩርና ጥሩር የሚገጣጠምበትን ስንጥቅ ብቻ ተከተሉ፣ የወጣ ካለ ሳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ጥረጉት። ጥቁርም አይሁን። ለበረዶ አገር ወታደር ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ግራጫ፣ አቧራማ ሜዳ ላይ ለሚዋጋ ደግሞ ወደ ቡኒ የሚሄድ። ሁለቱን አንድ ሞዴል ላይ አትቀላቅሉ፣ ነጩ ሁለት ዓይነት መስሎ ይታያል።

ውሃው። ቀይ ያጠባችሁበት ኩባያ ውስጥ የነጭ ብሩሽ ከነከራችሁ ሮዝ ነው የምታገኙት። ለነጭ የብቻው ኩባያ ይኑረው። ሞዴሉንም በጣት አትያዙት፣ የእጅ ወዝ ነጭ ላይ ቶሎ ይታያል፤ የጠርሙስ ክዳን ላይ ለጥፋችሁ ክዳኑን ያዙ።

ነጭ ስፕሬይ የምትጠቀሙ ከሆነ ርቀቱን ጠብቁ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከራቀ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያርፋል፣ ያንን መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። የክረምት እርጥብ አየርም ያበላሸዋል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ታገሡ።

ቀለሙን ለመጠበቅ በመጨረሻ የሚቀባው ቫርኒሽ ላይ በአጭሩ፦ ዘይት መሠረት ያለውን ተዉት፣ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይመታል። በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቫርኒሽ ማት (የማያብረቀርቅ) የሆነውን ተጠቀሙ።

የመጨረሻው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የኋይት ስካርስን ቀይ ምልክት ወይም የትከሻውን ቀይ ጠርዝ ቀድማችሁ ከቀባችሁ በኋላ ነጩ ቀዩ ላይ ሲወጣ፣ ቀዩን ስታስተካክሉ ደግሞ ነጩ ላይ ሲወጣ ትውላላችሁ። ነጩን ከነጥላውና ከነጠርዙ ጨርሱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ቀዩ ይግባ። ቀዩ ካመለጣችሁና ከደረቀ በቀጥታ ነጭ አትደርቡበት፤ መጀመሪያ ሴለስትራ ግሬይ ጠብ አድርጉበት፣ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ኡልቱዋን ግሬይ።